ያልጠቆረው ቃል

የአርበኛው የእንዳላማው ሬሳ የተገኘው ከይጁቤ በታች፣ ወንዝ ዳር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ጠመንጃው የለም። ብብቱ ውስጥ ግን በደም የራሰ ወረቀት ነበር።

«መሣሪያውን ይዞ ለሚገባ ሽፍታ ምሕረት ተደርጓል። በእግዚአብሔር ስም ምለናል» ይላል።

ቃሉ አማርኛ ቢሆንም ፊደሉ የጣልያን ማተሚያ ነው። ወፍራም፣ ጠባብ፣ ጌጥ የለሽ፤ በጠባብ በረት እንደታጎሩ ሰንጎች ተጨናንቆ የቆመ። በዚያ ዘመን የማርቆስ ከተማን ግድግዳ ያቆሸሸው አዋጅ ሁሉ በዚህ ፊደል የታተመ ነበር። ሞት ሲፈርድም እሱ፣ ግብር ሲጠይቅም እሱ። ማየቱ ያቅለሸልሻል።

አርበኛው ይህን አምኖ ከዱር ሲወርድ ባንዳ አድፍጦ ገደለው።

ወረቀቱን ከነጋዴው ከአብዱልቃኒ ሱቅ ግድግዳ ነቅሎ ዱር የላከለት ታናሽ ወንድሙ ደምለው ነው። ጸጸቱ ሊያሳብደው ደረሰ። የሟቹ የነፍስ አባትና የደብሩ ቁም ጸሓፊ ቄስ ፈንታ ደግሞ ለቅሶው ላይ ቀስ ብለው፣ ግድግዳው የማን ነው ብለው ጠየቁ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ደምለው ነጋዴውን ሊገድል ጠመንጃውን ወለወለ።

የሟቹ ሚስት፣ የብርጓል፣ የሌላ ደብር ቄስ ልጅ ናት፤ ማንበብ ታውቃለች።

«እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» አለችው። «የንጹሕ ሰው ደም በሐዘኔ ላይ አትጨምርብኝ።»

አብዱልቃኒን ጠየቀችው። ወረቀቱን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ተለጥፎ እንዳገኘው፣ የጣልያንን ነገር መቅደድ ስለሚያስገርፍ እንደተወው ነገራት። እውነቱን ይሁን አይሁን አላወቀችም።

ማርቆስ ወጣች። ግድግዳ ለግድግዳ ስትዞር የምሕረት አዋጅ የሚባል አጣች። በዚያ ላይ የጣልያን አንዱ «ም» ቁርጥ ሌላውን «ም» ነው። የእሷ ወረቀት ላይ አንዱ ከሲታ፣ ሌላው ቦርጫም ነው። በእጅ የተሣለ ነበር።

እንደገና አየችው። የባሏ ደም ደርቆ ጠቁሯል፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል ግን አሁንም ቀይ ነው። ሁሉም ደም መስሎት አልፎታል። ጣልያን የአምላክንም ስም በጥቁር ነው የሚያትመው። ስሙን በቀይ የሚጽፍ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ በይጁቤ ዙሪያ ቀይ ቀለም የሚበጠብጥ ጸሓፊ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ደምለውን ከነጠመንጃው አስከትላ ቄስ ፈንታ ቤት ገባች።

«አባ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር ብለው ይጻፉልኝ። በጥቁር ብቻ።»

«ስሙንም በጥቁር?» አሉ። «ይኸስ ድፍረት ነው፣ ልጄ። እጄም አይታዘዘኝም።» ቀዩን ብርዕ አነሡ።

ወረቀቱን ዘርግታ ፊታቸው አኖረችው። ብርዑን አስቀምጠው መናገር ጀመሩ።

ለሹመት ነበር። እንዳላማውን ቢያስገቡ ጣልያን የደብሩን እልቅና ሊሰጣቸው ቃል ገብቶላቸዋል። የጣልያንን ፊደል አስመስለው ሣሉ፣ አደባባይ ላይ ያለ ሱቅ መርጠው ለጠፉ፣ የሚወርድበትን መንገድ ለባንዳ ነገሩ። ይህን ሁሉ ተናዘዙና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ እንድትሳለም መስቀላቸውን ዘረጉላት።

«በስሙ ምለህ ባሌን አስገደልህ» አለች አንቱታውን ጥላ። «ስሙን በጥቁር መጻፍ ግን ፈራህ።»

መስቀሉን ሳትሳለም ወጣች። ደምለው አልተከተላትም።