ስሟ ያልወጣላት ሕፃን

«ትንፍሽ ብትዪ በእግርሽ ነው የምትመለሺው!» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ አንቀልባቸውን ጠበቅ እያደረጉ።

የዓለምዘርፍ ሳቋን ዋጠች። አክስቷ በስድሳ ዓመታቸው ሕፃን አዝለዋል! ሕፃኗ ግን ሃያ ኪሎ በሶ ናት። ከቀሚሳቸው ሥርም ሁለት ቅል ቅቤ ታስሯል። አዲስ አበባ ልጃቸው ወልዳለች፤ አራስ በባዶ እጅ ተጠይቃ የመካነ ሰላም ሰው ስንት ዓመት ያወራል!

አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ የአየር መንገዱ ወኪል ጋሽ ጀብሪል ከብቶቹን አባረው ጓዝ ይመዝናሉ። ሰው በቁጥር፣ ጓዝ በኪሎ ነው፤ የታዘለ ልጅ አይመዘንም።

«ሚዛን ያላየውን አውሮፕላን ምን አውቆት!» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ።

አብራሪው ግን ለጋሽ ጀብሪል ሲነግራቸው የዓለምዘርፍ ሰማች። «ዛሬ ሞልተናል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን ደግፎ አይይዝልኝም። ትንሽ ከጨመራችሁብኝ ሳንነሣ ገደሉ አፍ ላይ እንደርሳለን።»

ለክፍሏ ልጆች «ከሰማይ እጄን አውለበልብላችኋለሁ» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ጉራዋን ነዝታለች። ብትናገር ጉዞው ቀረ። ባትናገርስ?

አውሮፕላኑ መሰላል ሥር አብራሪው ፈገግ አለ። «ይቺ እንቅልፋም ማን ትባላለች?»

አክስቷ ቆነጠጧት።

«በሶ» አለች የዓለምዘርፍ። «ከቀሚሱ ሥርም ሁለት እህቶች አሏት፤ ቅቤ ናቸው።»

«ወላሂ፣ እኔ እኮ የማታለቅስ ጨዋ ልጅ ብዬ ነበር!» አሉ ጋሽ ጀብሪል። ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

የእትዬ ብርሀንነሽ ፊት በርበሬ መሰለ። «አንቺ ጉድ! በይ፣ በአንቺ ቦታ በሶዬ ይሄዳል!»

የዓለምዘርፍ ትንሿን ሻንጣዋን አንስታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አክስቷ በሶውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ የገደሉንም አፍ አዩ። ከዚያ አንቀልባውን ፈቱ።

«ጀብሪል፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ላክልኝ። ቆንጥረህ ብትበጠብጥ ወዮልህ! አንቺስ ምን ይገትርሻል? ግቢ!»

የዓለምዘርፍ ሻንጣዋን ተወች፤ ቅቤው በቦታው ተመዝኖ ገባ።

አውሮፕላኑ አጓርቶ ሮጠ፤ ሜዳው አለቀና ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ላይ ብድግ አለ። «ገብርኤል! ገብርኤል!» አሉ እትዬ ብርሀንነሽ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። አውሮፕላኑ ሲዞር ታች ጋሽ ጀብሪል ታዩ፤ በሶውን አዝለው እሽሩሩ ይላሉ። ሊሸኟት የመጡት የክፍሏ ልጆች በሳቅ ይንከባለላሉ።

የዓለምዘርፍ ልታውለበልብላቸው ፈለገች። አክስቷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ጥርቅም አድርገው ይዘዋታል።

እንደያዟት ተወቻቸው።