እማዬ ለእራት ትደርሳለች

ትርሲት አምስት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ገርጂ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም።

አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። «ጉ-ው-ው-ው!»

ዛሬ እማዬም በአውሮፕላን ልትሄድ ነው። ዱባይ ሥራ አግኝታለች።

«አባዬ፣ ዱባይ ሩቅ ነው?» አለች ትርሲት፣ ቁርሷን እየበላች።

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው» አለ አባዬ።

ትርሲት መቁጠር የምትችለው እስከ ሃያ ብቻ ነው። «እሱ ስንት ነው?»

«በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። ከቁርስ እስከ ምሳ በይው።»

ትርሲት አሰበች፣ አሰበች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ከቁርስ እስከ ምሳ መሄጃ! ከምሳ እስከ እራት መመለሻ!»

ማንም አልሰማትም። አባዬ ሻንጣውን በገመድ እያሰረ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሸኚ አይገባም። ስለዚህ በሩ ላይ ተሰነባበቱ።

እማዬ ትርሲትን አቅፋ አልለቅም አለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«አይዞሽ እማዬ» አለቻት ትርሲት። እሷ አላለቀሰችም። ለእራት ለምትመጣ እናት ማን ያለቅሳል?

«ጉ-ው-ው-ው!» አውሮፕላኑ ተነሣ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። «አሁን ልትመለስ ነው» አለች ትርሲት ለራሷ። «ከምሳ እስከ እራት መመለሻ!»

የእማዬን ነጠላ ጫማ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችላት።

መሸ። አባዬ ሽሮ ሠራ። ሽሮው ቀጥኗል፤ እኛ ግን ለአባዬ አንነግረውም።

ትሪው ቀረበ። አባዬ በአንድ በኩል፣ ትርሲት በሌላ በኩል ተቀመጡ። በእማዬ በኩል ማንም የለም።

አባዬ ወደዚያ እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካ! እሱ የእማዬ ነው! አሁን ትመጣለች።»

አባዬ እጁን ሰበሰበ። «ማነው ዛሬ ትመጣለች ያለሽ?»

«አንተ ነሃ! ከቁርስ እስከ ምሳ መሄጃ፣ ከምሳ እስከ እራት መመለሻ!»

 አባዬ ትርሲትን ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«መንገዱ አራት ሰዓት ነው፣ ልጄ። ሥራው ግን ሁለት ዓመት ነው።»

«ሁለት ዓመት ስንት ነው?»

«ሁለት እንቁጣጣሽ ነው። ይሄ ቀሚስሽ ያጥርሻል። የፊት ጥርስሽ ይወልቅና አዲስ ይበቅላል። ያኔ እማዬ ትመጣለች።»

ትርሲት አለቀሰች። ጠዋት ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች።

«ቂርርር! ቂርርር!» ስልኩ ጮኸ።

«ትርስዬ፣ እናቴ፣ ደርሻለሁ» አለች እማዬ። «እራት በላሽ?»

«ያንቺን አስቀምጬልሻለሁ፣ እማዬ። ማንም አልነካውም።»



«እሱን አንቺ ብዪልኝ፣ የኔ ቆንጆ። አባትሽንም አጉርሺልኝ። ሆዱ ባዶ እንዳያድር።»

ትርሲት በእማዬ በኩል ካለው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። አባዬ አፉን ከፈተ። እየጎረሰ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ እሷም ጎረሰች። ቀሪውንም ሁለቱ ጨረሱት።

አልጋ ላይ አባዬ አጠገቧ ተኛ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላት።

«ጉ-ው-ው-ው!» አውሮፕላን በላያቸው አለፈ።

«እማዬ ናት?» አለች ትርሲት በቀስታ።

«አይደለችም፣ ልጄ።»

ትርሲት ጣቷን አፏ ውስጥ አስገባች። የፊት ጥርሷን ገፋ፣ ገፋ አደረገችው።

አልተነቃነቀም። ገና ነው።