ስም አቀባዩ

ካውያው ጠፍቷል።

ሽቦ የላውንደሪውን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ መጀመሪያ ጆሮው የገባው ይኸው ዝምታ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይህ ቤት በእንፋሎት ፉጨትና በማሽን ጉርምርምታ ሰው ከሰው የማይደማመጥበት ነበር። ለርክክብ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ዛሬ አንድ ማሽን እንኳ አይዞርም።

ማሽን የሚጠፋው የሚያዳምጥ ሰው ሲኖር ነው።

ሽቦ ወደ ኋላ አላለም። ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ግራጫ ኮት ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሽማግሌ ቀና ብሎ አላየውም። ደንበኞቹ «ባለላውንደሪው» ይሉታል፤ ሽቦ ደግሞ በምስጢር ስሙ «አጎቴ» ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሽቦን መረጃ እየተቀበለ ለላካቸው የስለላ መሥሪያ ቤት ሲያሻግር የኖረው እሱ ነው። ሌላ መንገድ የላቸውም።

«አንገትጌው ይጠንክር?» አለ አጎቴ። የመግቢያ ቃላቸው ናት።

«ለስለስ ይበል።»

«ጫፉ ላይስ የተተረተረ ነገር አለ?»

ይቺ አትጠየቅም ነበር። ዕቃው ጫፉ ላይ እንደሚሰፋ አጎቴ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ መጠየቅን ምን አመጣው? የሽቦ ዓይን ወደ መጋረጃው ሄደ። ከመጋረጃው በታች ሁለት ጫማዎች ቆመዋል። ቡናማ፣ ሹል፣ ተወልውለው የሚያብለጨልጩ። ሽቦ ያውቃቸዋል። የጥበቃ ኃላፊው፣ ሁሉም «ጥርሶ» የሚለው ሰውዬ፣ በየስብሰባው ከመድረኩ ሥር ተክሏቸው የሚቆመው እነሱኑ ነው።

ሽቦ ዓይኑን ወደ ኮቱ መለሰ።

«አለ» አለ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ። «የግራው ጫፍ ነው። አደራ እንዳይባባስ።»

ወጣ። አልሮጠም። መንገዱን ተሻግሮ ከጋዜጣ አዟሪ አንድ ጋዜጣ ገዛና ገልጦ የሚያነብ መሰለ። በኮቱ ግራ ጫፍ ውስጥ የተሰፋችው የድምፅ ካርድ ባዶ ናት። ቤቱን በጆሮው ሳይፈትሽ አያስረክብም፤ ልማዱ ነው። እውነተኛዋ ኪሱ ባለው ማይክሮፎን የባትሪ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች።

ታዲያ ለምን እዚያው አልያዙትም? መልሱን ያውቀዋል። አሥር ሰዓት ላይ ሰልፍ አለ። «ጋሻችን» ደግሞ ያለ ሽቦ አፉ አይፈታም።

ጋሻችን ማለት አገሩን ወዲህና ማዶ ብሎ ለሁለት የሰነጠቀው ሰውዬ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሕዝብ ይወደዋል። እንዴት ያለ መውደድ! ታክሲው መስታወት ላይ እሱ፣ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ እሱ፣ ፖሊሱ ደረት ላይ እሱ። ለዚህ ሁሉ ሰው የሠራለት አንዲት ነገር ጥሩ ብትሉ የለም። መንገዱ ያው ጉድጓድ፣ ቧንቧው ያው ደረቅ። ግን ስማቸውን ይጠራል።

የሽቦም ሥራ ይኸው ነው። በፓርቲው ጽሕፈት ቤት የድምፅ ባለሙያ ነው። ጋሻችን ቀኝ ጆሮው ውስጥ ምስር የምታህል ማዳመጫ ይሰካል። ሽቦ ደግሞ ከድምፅ ክፍሉ ሆኖ በመስኮት እያየ ሹክ ይለዋል። «ባለባርኔጣው ሹፌር ነው። ሚስቱ ሴት ወልዳለች።» ጋሻችን እጁን ይዘረጋል፦ «ሴቷ ልጅህ እንዴት ናት?» ሹፌሩ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ያስጠላል። ከሁሉ የሚያስጠላው ግን ሽቦ ለሽፋን ብሎ በጀመረው በዚህ ሥራ ጎበዝ መሆኑ ነው።

ትናንት ጋሻችን ማይክሮፎኑን ሳይፈታ መኪና ውስጥ ገባ። ሽቦ ቀዳው። ካርዷ ላይ ያለው ድምፅ ለጥርሶ እንዲህ ይላል፦ «ነገ አሥር ተኩል ላይ ድልድዩን አሻግራቸዋለሁ። የማዶው ሰፈር ሲነድ እኔ እራት ላይ ነኝ። እነዚህ ከብቶች ባሳየኋቸው ይሄዳሉ።»

ይህ ድምፅ ለመሥሪያ ቤቱ ቢደርስ፣ እኩለ ቀን ላይ በሬዲዮ ይለቀቅና ድልድዩ ይዘጋ ነበር። አሁን የሚሰጠው ሰው የለም። ማዶ ደግሞ ሰው ምሳውን እየሠራ ነው። ልብስ አስጥቷል። ልጅ ትምህርት ቤት ሰዷል።

*

ቦርሳውን ለመያዝ ወደ ተከራየበት ቤት ሄደ።

አከራዩ እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ በላይ ሁለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንዱ የልጇ፣ አንዱ የጋሻችን። ልጇ ፎቅ ቀለም ሲቀባ ወድቆ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ «ድምቡሼ» ትለው ነበር። ይህን ስም ለማንም አልተናገረችም። ለተከራይዋ ብቻ፣ አንድ ቀን እራት ላይ።

ተከራይዋ ደግሞ ሸጠው።

ስድስት ወር ሆነው። ጋሻችን ገበያ ሲዞር፣ ሽቦ እትዬን ከሕዝቡ መሀል አያትና አፉ ቀደመው፦ «ባለሰማያዊ ሻሿ። የድምቡሼ እናት ይበሏት። ልጇ ሞቷል።» ጋሻችን እጇን ያዘ። «የድምቡሼ እናት» አላት። እትዬ እዚያው ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች።

አሁን ነጭ ቀሚሷን እየተኮሰች ነው። ለሰልፉ መድረክ ተመርጣለች።

«መጣህ ልጄ? እስቲ እየኝ፣ ሙሽራ አልመስልም?»

«እትዬ፣ ይህን ስሚልኝ።» ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። አዳመጠች። ከብቶቹን ሰማች። የሚነደውን ሰፈር ሰማች። ከዚያም ራሷን ሰማች፦ «ያቺን ልጇ የሞተባትን ሴትዮ መድረክ ላይ አውጧት። ስሟ እንኳ ጠፋኝ። እንባዋ ለካሜራ ይሆናል።»

ማዳመጫውን በቀስታ አወለቀች። ካውያውን ከቀሚሱ ላይ አነሳች።

«ደክሞት ነው» አለች።

«እትዬ!»

«ሰው ሲደክመው ስንት ነገር ይናገራል። እኔስ ልጄን ስንቴ ውሻ ብዬዋለሁ?»

«ሰፈር ላቃጥል እያለ ነው እኮ!»

«አትጩህብኝ!» ዓይኗ ቀላ። «ልጄን በቃሬዛ ይዤ ሐኪም ቤት በር ላይ ስቆም ‹ሴትዮ፣ ወረፋሽን ጠብቂ› ነው ያሉኝ። ቢሮ ስሄድ ሴትዮ። ሱቅ ስሄድ ሴትዮ። ዕድሜዬን በሙሉ ሴትዮ ስባል ኖርኩ። እሱ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የድምቡሼ እናት አለኝ። አንተ ይህቺን ልትወስድብኝ ነው የመጣኸው?»

ሽቦ «እኔ ነኝ የነገርኩት» ማለት ነበረበት። በምትኩ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ፣ ለመድረኩ ካዘጋጀችው አበባ ሥር፣ የውኃ ጠርሙስ ጉች ብሏል። ሽታው ግን የውኃ አይደለም። ቤንዚን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሁላችንም አድለውን ነው። አላውቅም። ተይዞ ይምጣ ተባለ፣ እይዛለሁ።»

አበባና ቤንዚን በአንድ ቦርሳ። ሽቦ ካርዷን ለሕዝቡ ቢያሰማው ከንቱ እንደሆነ ገባው። ሰምታ ካልደነገጠች፣ ማን ይደነግጣል?

የቀረው አንድ ጆሮ ነው።

*

አሥር ሰዓት። ከድልድዩ ፊት ያለው አደባባይ ጢም ብሏል። የድምፅ ክፍሉ ከመድረኩ በስተግራ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባባት ጠባብ ቤት ናት። ሽቦ ፊት ሁለት ማይክሮፎን አለ፤ ጥቁሩ ወደ ጋሻችን ጆሮ ብቻ ይሄዳል።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ ነው፤ እያነከሰ ገባ።

«ካርዷ ባዶ ናት» አለ።

«አዎ።»

«ጥርሶ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቀው ብሎኛል። አታስቸግረኝ።»

«ጋሻችን ያውቃል?»

«ከንግግር በፊት መጥፎ ወሬ አይነገረውም።»

ሽቦ ተንፈስ አለ። «ስንት ከፈሉህ?»

አጎቴ የተሰደበ ያህል ቀና አለ። «አንድ ሳንቲም አልነካሁም! ሃያ ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን ሠራሁ። አንድ ሰው ‹እግርህ ምን ሆነ?› ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ጋሻችን ሱቄ ገባ። ‹ቁርጭምጭሚትህ ተሻለህ ወይ?› አለኝ።»

ሽቦ አፍጥጦ ቀረ። «እኔ እኮ ነኝ በጆሮው የነገርኩት! አንተ ራስህ ታውቃለህ! የማዳመጫውን መቀበያ ኮቱ ውስጥ ሰፍተን የደበቅንለት አንድ ላይ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ሲጠይቀኝ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር» አለ አጎቴ። ድምፁ ተሰበረ።

ወይ ጉድ! ሰላይ ነው ይህ። ተንኮሉን በእጁ ሠርቶ፣ በእጁ የሠራውን አምኖ ተንበረከከ።

ድምፅ ማጉያው አስገመገመ። «ልጆቼ! ያኛው ማዶ እየሳቀብን ነው!» ሕዝቡ አጓራ። ሰዎች ጠርሙሶቻቸውን ከቦርሳ ማውጣት ጀመሩ። እትዬም አወጣች፤ መድረኩ ላይ በነጭ ቀሚሷ ቆማለች። «አሁን ይህን ድልድይ…»

ሽቦ ጥቁሩን ማይክሮፎን ተጫነ።

«ጋሻችን፣ አልሞ ተኳሽ አለ። ድልድዩ ማዶ። ሕዝቡ ሲንቀሳቀስ እርስዎን ነው የሚመታው። ፈገግ ይበሉ። ሰዎቹን ይመልሷቸው።»

ጋሻችን ቆመ። አፉ እንደተከፈተ።

«ምን እያልከው ነው?» አጎቴ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ተወረወረ። ሽቦ የእጁን አንጓ ያዘው።

«ብታጠፋው በሕዝብ ፊት ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ትፈልጋለህ? አጥፋዋ!»

የአጎቴ ጣት ማጥፊያው ላይ አረፈች። አላጠፋም። ጌታውን ማሳፈር አልቻለም።

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ጥርሶ ከመድረኩ ሥር ቀና ብሎ የድምፅ ክፍሉን አየ። ገባው። መሮጥ ጀመረ።

ለሽቦ የቀረችው አንዲት ነገር ናት። አውቋታል። ሊጠቀምባት አልፈለገም። እትዬ ከድምቡሼ ስም ሌላ፣ ያው እራት ላይ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የነገረችው ነገር ነበር።

«የድምቡሼን እናት ይጥሯት» አለ። «ይቀፏት። እንዲህ ይበሉ፦ ይቺ እናት ልጇ ከሞተ በኋላ ሦስት ወር…»

«ይቺ እናት» አለ ድምፅ ማጉያው «ልጇ ከሞተ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ጫማውን እየወለወለች በር ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሲመጣ እንዳይቸገር! ዛሬ ማዶ ሌላ እናት ጫማ እንድትወለውል አትፈልግም። ጠርሙሱን አፍስሱት። ወደ ቤታችሁ ግቡ። እኔ ጋሻችሁ ነኝ፣ ያልኳችሁን ስሙኝ!»

እትዬ ደርቃ ቀረች።

ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። ወደ ግራ። ወደ ድምፅ ክፍሉ መስኮት። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

አወቀች።

ሽቦ ጠበቀ። ትጩህ፣ ትርገመው፣ ጠርሙሱን ሰውዬው ፊት ላይ ትወርውረው፤ ምንም ቢሆን። እሷ ግን ፊቷን መለሰች። ጠርሙሱን መሬት ላይ ገለበጠችና የጋሻችን ደረት ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። አደባባዩ ሁሉ ተከትሏት ቤንዚኑን አፈሰሰ። ሊያቃጥል የመጣው ሕዝብ፣ ስላላቃጠለ ራሱን እያደነቀ ያለቅሳል። የቤንዚኑ ሽታ እስከ ክፍሉ መጣ።

አጎቴም ያለቅሳል። እያንዳንዷ ቃል አጠገቡ ካለው ሰው አፍ ስትወጣ ሰምቷል። ከድምፅ ማጉያው ስትመጣ ግን ንፍጡን ይጠርጋል።

«እንዴት ያለ ልብ!» ይላል። «እንዴት ያለ አባት!»

ሽቦ ማዳመጫውን አውልቆ በአጎቴ አንገት ላይ አንጠለጠለለት። አጎቴ ልብ አላለም። ሽቦ በኋላ በር ወጥቶ በገመድ ጥቅል መሀል ቁልቁል ወረደ። ጥርሶ በፊት በር በርግዶ ሲገባ ያገኘው፣ ጥቁሩ ማይክሮፎን ፊት የሚያለቅስ አንድ ሽማግሌ ነው።

ሲጎትቱት ጩኸቱ እስከ ታች ይሰማ ነበር። «ጋሻችን ያውቁኛል! ቁርጭምጭሚቴን ጠይቀውኛል!»

*

በማግስቱ ጠዋት፣ ከዚያ ከተማ ስድስት ሰዓት በሚርቅ መንገድ ላይ፣ አንድ ፂሙን የተላጨ ሰው አውቶቡስ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሽቦ የሚለው የለም። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ገና እየለመደው ነው።

የማዶው ሰፈር አልነደደም። አንድ ሰው አልሞተም። ተልእኮው ተፈጽሟል። ጋሻችን ደግሞ በአንድ ሌሊት የሰላም አባት ሆኗል፤ ትናንት ማዶ የሚጠሉት እንኳ ዛሬ «ያን ያህል ክፉ አይደለም» እያሉ ነው ይባላል።

የሹፌሩ ሬዲዮ የእትዬን ድምፅ አመጣ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ስለ ጫማው ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም» ትላለች። «እሱ ግን አወቀ። የእግዜር ሥራ ነው እንጂ ምን ይባላል?»

«እናቴ» አላት ጠያቂው «እርስዎ ቤት የተከራየ ሰላይ ነበር፣ እሱ ነው ለጠላት ምስጢር የሚያቀብለው ይባላል። እውነት ነው?»

የስፌት መኪናዋ እግር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ተከራይ ኖሮኝ አያውቅም» አለች።

ልታድነው ይሁን ልትፍቀው፣ አላወቀም። አጠገቡ የተቀመጡት ሴት መሀረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሰምተሃል ልጄ? እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አሉት። «ስምህ ማን ነው አንተ?»

ሰውየው መስኮቱን ከፈተ። አፉ ውስጥ የቤንዚን ጣዕም ነበር። አዲሱን ስሙን ሊነግራቸው ፈልጎ ለጊዜው ጠፋው።