ባለቤት ያለው ዛፍ

«ቅጠል ደግሞ ሬዲዮ ይበላል እንዴ? ፍየል አደረግከው እኮ።»

«ይበላል አልኩህ። እህትህ ስትነግርህ አንተ ትገለፍጥ ነበር። ሽቦውን አውርደው!»

ሲባጎ አላወረደውም። ሲባጎ የሚሉት ቀጭን ስለሆነና የማይንጠለጠልበት ነገር ስለሌለ ነው። የሚቆጣው የእህቱ ባል ነው፣ ሹፌሩ። ድልድዩን ያፈረሰው ጎርፍ መኪናቸውን ገልብጦት፣ የሰውዬው እግር ተሰብሮ ዱባ አክሏል። ቶሎ ሐኪም ካላየው እግሩ መቆረጡ ነው። ስልክ እዚህ ጫካ አይሰራም። የቀራቸው ከመኪናው የፈቱት የመገናኛ ሬዲዮና ሊሞት የደረሰ ባትሪ ነው።

እህቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ናት። ሆዱ የተዘረገፈ ቴሌቪዥን በሞላባት ጠባብ ሱቅ፣ ማዳመጫዋን አጥልቃ ትጠብቃቸዋለች። ሲባጎ ግን ቸኩሎ የአንቴናውን ሽቦ እርቃኑን ዝናብ ያረጠበው ቅርንጫፍ ላይ ጠምጥሞታል።

«እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሽሽሽ ብቻ።

«ዝቅ ብሎ ነዋ። ጫፍ ላይ ልስቀለው» አለና ትልቁን ዛፍ ወጣ። ቅርንጫፍ ጨበጠ፣ ተንሸራተተ፣ ሌላ ጨበጠ። ከዚያ እጁ ጸጉር ጨበጠ።

ግማሹ የተበላ ድኩላ ባላው ላይ ተጋድሟል። ደሙ አልደረቀም።

ድኩላ ዛፍ አይወጣም። ያወጣው አለ።

እንዴት እንደወረደ ራሱም አያውቅ፤ የሱሪው ቁራጭ ግን እዚያው ቀርቷል።

«ምን አየህ?»

«ምንም። ጋሼ፣ ቅጠል ሬዲዮ ይበላል። እንሂድ።»

ሽቦውን ሰብስቦ፣ ሬዲዮውን ለሹፌሩ አስይዞ አዘለው። ጭቃው እግሩን ይመጠዋል፣ እሾሁ ፊቱን ይቧጭረዋል። ከኋላ እንጨት ቀጭ አለ። ሲቆሙ ያም ቆመ። ሲሄዱ ያም ሄደ።

«የሚከተለን አለ» አለ ሹፌሩ ጆሮው ስር።

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ያጉረመርማል?»

ሲባጎ ሸክሙን ሽቅብ አስተካከለ። ከዚያ ሮጠ።

ጫካው ወንዙ ዳር አለቀ። ጎርፍ የጠረገው አሸዋ ላይ፣ ቅጠል የሚባል የሌላቸው ሁለት ደረቅ ግንዶች ተራርቀው ቆመዋል። የእህቱ ነገር አሁን ገባው፤ ርጥብ ቅጠል የሬዲዮውን ጉልበት ይመጠዋል፣ ሽቦው ዛፍ መንካት የለበትም። የላስቲክ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ቆራረጠው። ሽቦውን ከላስቲኩ፣ ላስቲኩን ወገቡ ላይ ከታጠቀው ገመድ፣ ገመዱን ከግንዱ አሰረ። ቋጠሮው ደጋግሞ ተፈታበት። በመጨረሻ ሽቦው ምንም ሳይነካ አየር ላይ ተወጠረ።

ዞር ሲል ነብሩ ጫካው ጫፍ ካለው ሳር ውስጥ ተጋድሟል። የጅራቱ ጫፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሽሽታው ተሰነጠቀ።

«እሰማሃለሁ። የት ናችሁ?»

እንባው መጣ፣ ዋጠው። «ከፈረሰው ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ። የጋሼ እግር ተሰብሯል።»

ከሱቁ ሰው ስትጠራ ተሰማ፤ ተመልሳ መጣች። «መንገድ ሠራተኞቹ ቅርብ ናቸው፣ በትራክተር እየወጡ ነው። ከዚያ እንዳትነቃነቁ።»

«እትዬ፣ እዚህ ነብር አለ።»

መፍቻዋን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ተሰማ።

«ማንን ነው የሚያየው?»

ሲባጎ ቀና ብሎ አየ። «እኔን።»

«እሺ። ባሌን አገናኘኝ።»