አፍ የሰጠኋት ሴት

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ሁሉም እንደዚህ ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ። እኔም የሌሎቹን "ሂድ ወዲያ" እያልኩ ነው የማነበው። እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ግን እህቴን ቀብሬ ነው የምጽፍላችሁ፤ በእህቴ አልቀልድም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ የሚያላዝን ውሻ የለም። ታኮራዲ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ፎቅ ላይ የተከራየኋት ክፍል ናት። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ከታች የቲማቲም ሻጮች ይሰዳደባሉ።

ጆጆ እባላለሁ። በግሌ ዌብሳይት እየሠራሁ ነው የምኖረው። ቢሮ የለኝም፣ አለቃ የለኝም። ላፕቶፕ፣ ቬንትሌተርና መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ አለኝ።

መሳቢያውን ያዙልኝ... እመለስበታለሁ።

ሥራዬን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰው ዌብሳይት ያዛል እንጂ ዌብሳይቱ ላይ የሚገባውን ነገር አያመጣም። ፎቶ አምጡ ስትላቸው "ነገ" ይላሉ። ጽሑፍ ስትላቸው "አንተ ታውቃለህ" ይላሉ። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ራሴ እሞላዋለሁ። የረካ ደንበኛ እፈጥራለሁ፣ ስም አወጣለታለሁ፣ ምስጋናውን እጽፍለታለሁ። ለጊዜው ነው፣ እውነተኛው ሲመጣ ይቀየራል እላለሁ።

እውነተኛው መጥቶ አያውቅም።

ስንቱን ሰው እንደዚህ ፈጥሬ ትቼዋለሁ። አንዱም ተነስቶ አናግሮኝ አያውቅም ነበር።

ዶክተር ባይዶ የሚባሉ ሰውዬ ነበሩ ያዘዙኝ። ማን ዶክተር እንዳላቸው አላውቅም። በቡናማ ጠርሙስ መራራ የሥር ውሃ ይሸጣሉ፤ የስኳር በሽታ ያድናል ብለው። ገጹን ጨርሼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ምስክር የታለ?"

"የዳኑትን ሰዎች ፎቶ ይላኩልኝ ብዬዎት ነበር እኮ፣ ዶክተር።"

"ነገ እልካለሁ። ለዛሬ አንተው ሙላበት።"

"ምን ብዬ?"

"አንተ ልጅ፣ ጽሑፍ ከእኔ ነው የምትማረው? ሴት ትሁን። እናት እናት የምትል። ስልክም አድርግላት፣ ሰው ደውሎ እንዲያረጋግጥ።"

"ደግሞ ማን ሊያነሳው?"

"ማን ሊደውል?" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከትሮትሮ ተራው፣ ከሚኒባስ ታክሲዎቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ ረጅም ግንብ አለ። ሰፈሩ የሟቾቹን ፖስተር የሚለጥፈው እዚያ ነው። አንዱ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ወርቃማ ዳንቴል ቀሚስ፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ሻሽ። ከንፈራቸውን ገጥመው ፈገግ ብለዋል። ስማቸውን ዝናብ አጥቦታል።

እኚህ አይከሱኝም አልኩ። በልቤ ያልኩት ቃል በቃል ይሄ ነው።

በስልኬ አነሳኋቸው። ጀርባውን ቆርጬ አወጣሁ። ክብ ፍሬም ውስጥ አስገባኋቸውና "እትዬ ፊሊሺያ" አልኳቸው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"መርፌዬን ጣልኩ፣ እንቅልፌን አገኘሁ።"

ሳነበው ደስ አለኝ። ጎሽ ጆጆ አልኩ።

ለስልኩ ደግሞ የድሮ ሲም ካርዴን ቁጥር ሰጠኋቸው። ሲሙ ያለው፣ አብጦ ስለነበር ባትሪውን ባወጣሁለት አሮጌ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩም እመሳቢያዬ ውስጥ ነው። በሕይወት ያለ ሰው አይረበሽም፣ ማንም አያነሳም።

ከገጹ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ስሜን አኖርኩ። "ይህን ገጽ የሠራው ጆጆ።"

አሁን ወደዚያ ስምንት ሰዓት ልመልሳችሁ።

እህቴ ኤፉዋ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ኬንኬ የምንለው የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ላፕቶፔ ከምትሸጠው የኬንኬ ድስት ነው የወጣው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ በየቀኑ ራሷን በራሷ ትወጋለች። ያለ መርፌው መኖር እንደማትችል ሐኪሞቹ ሲነግሯት አጠገቧ ነበርኩ።

ገብታ ሳትቀመጥ የጠረጴዛዬን ውሃ አንስታ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ሌላ ጠርሙስ ሰጠኋት። እሱንም ጨለጠችው።

"እታለም፣ ከሳሽ እንዴ?"

"አማረብሽ አይባልም? ቀናተኛ!"

ሳቀች። ሸሚዟ ግን ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ደህና ነሽ ግን?"

"እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። መርፌውን ተውኩት እኮ።"

"የቱን መርፌ?"

"ስንት መርፌ አለኝ ደግሞ?"

"ማን ተይው አለሽ?"

"እትዬ ፊሊሺያ።"

...

ኬንኬው እጄ ላይ ቀረ።

"የት... የት አገኘሻት?"

"ዌብሳይቱ ላይ ነዋ! ፊቷ እናታችንን መሰለኝ። ግን በፊቷ እንዳይመስልህ ያመንኩት። ወደ ታች ስወርድ ስምህን አገኘሁት። አይ፣ ይሄማ ጆጆዬ የሠራው ነው አልኩ። የኔ ወንድም ውሸት አይሠራም።"

እንደዚህ አለችኝ። በአፏ ሙሉ፣ ኩራት እያነቃት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደግሞ በየቀኑ ነው የምናወራው" አለች።

"ከማን ጋር?"

"ከእሷ ጋር ነዋ። ደንቆሮ ሆንክ?"

"በየትኛው ስልክ?"

"ከፎቶዋ ሥር ባለው።"

መሳቢያዬን አየሁት። ዝግ ነው።

"ሊሆን አይችልም" አልኩ።

"ካላመንክ ራስህ ስማት" ብላ ስልኳን አወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

ልክ በዚያን ጊዜ መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ እየተንገዳገደ ቆመ። ከታች ያሉት ሴቶች እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ።

"ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም" የምትለዋን ልጅ ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያቺን ልጅ ናፍቄ አላውቅም።

ጠራ።

ጠራ...

ተነሳ።

"ኤፉዋዬ..." የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ለስላሳ። "ውሃ ጠጣሽ?"

"ጠጣሁ፣ እትዬ።"

"ጎሽ። እንቅልፉስ?"

"መጣ መጣ ይለኛል።"

"ይመጣል። መርፌዬን ጣልኩ... እንቅልፌን አገኘሁ።"

የኔ ዓረፍተ ነገር ነው። የኔ!

ግን ያደነዘዘኝ እሱ አይደለም። ሴትዮዋ በተናገረች ቁጥር ድምፁ ከሁለት ቦታ ይመጣ ነበር። አንዱ ከእህቴ ስልክ ነው። ሌላው ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ታፍኖ... ከጉልበቴ በላይ ካለው መሳቢያ ነው።

"ወንድምሽ አጠገብሽ ነው አይደል?" አለች ሴትዮዋ።

እህቴ ፈገግ ብላ አየችኝ። "አዎ፣ እዚሁ ነው።"

"ሰላም በይልኝ።"

ተዘጋ።

"ሰማህ?" አለችኝ ኤፉዋ።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። "እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ ሴትዮዋ ግንብ ላይ የተለጠፈች ሟች ናት" ማለት። አፌን ከፈትኩ። እህቴ ግን ገና በዚያ ኩራት ታየኝ ነበር። ያንን ዓይን ማጥፋት አቃተኝ።

"መርፌውን ግን ባታቆሚው..." አልኩ እየተንተባተብኩ።

"ለምን?"

ዓሣውን በጣቴ ነካካሁት።

"ብላ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ" አለችና ሄደች።

ስትወጣ መሳቢያውን ሳብኩት። አሮጌው ስልክ እንዳስቀመጥኩት ነው። ጀርባው ክፍት፣ የባትሪው ቦታ ባዶ። መስታወቱ ግን ጤዛ ይዟል፤ ሰው አፉን አስጠግቶ ሲያወራበት እንደቆየ።

መብራት ሲመጣ ገጹን ከፈትኩ። ክቡ ፍሬም ውስጥ ያለችው ሴት... ጥርሷ ይታያል።

እኔ ከግንቡ ላይ ያነሳኋት ከንፈሯ የተገጠመውን ነው። ሮጬ ወርጄ ፖስተሩን አየሁት። ግንቡ ላይ አሁንም ከንፈሯ ግጥም እንዳለ ነው።

ተመልሼ ምስክርነቱን አጠፋሁት። ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም። ለእህቴ ደወልኩላት።

"ገጹን ክፈቺውማ። አሁንም አለች?"

"አለች። እንደውም እየሳቀች ነው።"

"ስልክሽ አሮጌውን ቅጂ ይዞ ነው" አልኳት። "ይለቃል።"

ለደንበኞቼ ሁሉ የምሰጠው መልስ ነው። ስልክህ አሮጌውን ይዞ ነው፣ ይለቃል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያን ቀን ለራሴም ያንኑ ነገርኩት፣ ራሴም ተቀበለኝ።

ነገ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራታለሁ አልኩ።

ነገ!

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ ደወለች። ሆስፒታል ስደርስ ኤፉዋ አልጋ ላይ ናት። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ቁልቁለት ሮጣ የመጣች ይመስላል። ጎንበስ ስል የአፏ ሽታ ያለልክ የበሰለ አናናስ ሆኖ መጣብኝ። በክንዷ የገጠሙላት ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሐኪሟ "በጣም ዘገያችሁ" አለችኝና ዓይኔን ሸሸች።

እጇን ያዝኩ።

"እታለም... ስሚኝ። እትዬ ፊሊሺያ የለችም።"

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

"እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ፎቶዋን ከሙታን ግንብ ነው የወሰድኩት። ይቅር በይኝ።"

ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"አውቃለሁ" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ነግራኛለች... ትናንት ማታ።"

"ምን አለችሽ?"

"'ዝም ብዬ ተኝቼ ነበር' አለች። 'ወንድምሽ መጥቶ አፍ ሰጠኝ... የምናገረውንም እሱ ሰጠኝ።'"

"ኤፉዋ..."

"'ሌላ ቃል ቢሰጠኝ' አለች፣ 'ሌላ እናገር ነበር።'"

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ቀትር ላይ አረፈች።

ሰው ገደልኩ የሚለውን ቃል ጽፌ አጠፋሁት፣ ጽፌ አጠፋሁት። ይኸው አሁን ትቼዋለሁ፣ ይቀመጥ።

ዶክተር ባይዶ ለቅሶ መጥተው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉ። "የእግዜር ሥራ ነው" አሉኝ። የእግዜር ሥራ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ገጻቸውን በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ሠሪ አያጡም።

ከቤተሰቡ ኮምፒዩተር የሚያውቀው እኔ ነኝና የእህቴን ፖስተር የሠራሁት እኔ ነኝ። ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አየሁ። ኤፉዋ ሳቂታ ናት፤ ሁሉም ላይ ጥርሷ ይታያል። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ከንፈሯን የገጠመችበት አገኘሁ። እሱን አደረግኩ። ለምን እንደሆነ አጎቶቼ ጠይቀውኛል።

ስሟንም ዝናብ እንዳያጥበው ፖስተሩን በፕላስቲክ አስለበጥኩት። ከትሮትሮ ተራው ፊት ለፊት በእጄ ለጠፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሳልፍ አንድ ሰው ግንቡ ፊት ቆሟል። በእኔ ዕድሜ ይሆናል። የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቷል። ስልኩን አንስቶ ፊቷን እያስተካከለ ነው፤ ጠጋ፣ ራቅ፣ ጠጋ...

ቀጭ።

"ወንድሜ" አልኩት። "ምን ልታደርጋት ነው?"

ደነገጠ። "ምንም... ለሥራ ነው።"

"ምን ሥራ?"

"ዌብሳይት። ለጊዜው ቦታ መሙያ ነው፣ በኋላ ይቀየራል።"

"ምን ብላ ልትናገር ነው?"

"እኔ እንጃ። ገና አልጻፍኩም።"

"አሳየኝ።"

ቅር እያለው ስልኩን አዞረልኝ።

ግንቡን አየሁ። እህቴ ከንፈሯ ግጥም እንዳለ ነው፣ እኔ እንደመረጥኩት።

ስልኩን አየሁ።

እዚያ ላይ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል... አንድ ነገር ልትናገር ስትል አየር እንደምትስበው። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። የስልኩ መስታወት ከሥር ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ ጤዛ ይይዛል።