ሁለተኛ ማርሽ

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። ኮሮላዋ እንደ ፍየል ወደ ፊት ዘለል ብላ ቆመች። ከኋላ የተቀመጠችው ሀሊሞ ግንባሯ ከፊተኛው ወንበር ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ።

«ወላሂ፣ መኪናዋን ሳልገዛት ልትገድሉኝ ነው!» አለች ሻሿን እያስተካከለች።

«ይቅርታ ኤዶ» አለች መሪውን የያዘችው ሶሲና። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሀሊሞን «ኤዶ» ነው የምትላት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ይቅርታው ግን ከአፏ እንጂ ከልቧ አልነበረም።

ከጎኗ ያለው አባቷ ሽመክት ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ልጅቷ ገና ለማጅ ናት፤ መኪናዋስ ምንም የላትም» አለ።

ሀሊሞ ከባቢሌ ኦቾሎኒ እያመጣች ጅጅጋ ገበያ ትሸጣለች። የራሷ ትንሽ መኪና፣ ቪትዟ፣ ጭነት ይዛ የካራማራን ዳገት መውጣት ስላቃታት ነው ኮሮላዋን ለመሞከር የመጣችው። ቪትዟን ከነሶሲና ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ ዳር ስታቆማት ሽመክት እንደ ልማዱ ሙድ ይዞባታል። «መሪዋ በቀኝ፣ ፍሪሲዮን የላት፣ ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ ይቺ የልጆች መጫወቻ እንጂ መኪና ናት?»

የሀሊሞ ስልክ ጮኸ። «ሀዬ፣ ሀዬ» እያለች በሩን ከፍታ ወረደች። ንፋሱ ድምጿን ይዞት ሄደ።

«ሆን ብለሽ ነው» አለ ሽመክት።

ሶሲና መሪውን አጥብቃ ጨበጠች።

«ለማጅ ሞተር ሲያጠፋ መኪናዋ መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች። ለማጁም ይደነግጣል፣ ነዳጅ ይጨምራል። አንቺ ግን ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቅሽው። ማንን ነው የምትሸውጂው?»

«እንድትሸጣት ስለማልፈልግ ነዋ!»

ሽመክት ቤት ውስጥ ወሬ አያበዛም። ይበላል፣ ዜና ያያል፣ ይተኛል። መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ሶሲና እግሯ ወለሉን ከማይነካበት ዕድሜዋ ጀምሮ ከጎኑ ትቀመጥ ነበር። እሱ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ «ሁለት!» ሲላት፣ እሷ ማርሹን ወደ ኋላ ትስበዋለች። «ሦስት!» ሲላት ትገፋዋለች። በመሀል ያወራላታል። ስለ አይሻ በረሃ ሙቀት፣ ከባቡር ጋር ስለተሽቀዳደመበት ቀን፣ ከእናቷ ጋር ስላስተዋወቀው ዝናብ። አምና ያ ግራ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ኮሮላዋ ግቢ ውስጥ ስትቆም ወሬውም አብሯት ቆመ። ድምፁ የሚመለሰው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሶሲናን መንዳት ሲያስተምር ብቻ ነው።

«አንቺ መንጃ ፈቃድ እስክታወጪ ገና ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ብቻዬን ገብቼባት ነበር። እግሬን በሁለት እጄ አንስቼ ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጥኩት።»

«እሺ?»

«ተቀመጠ። መርገጥ ግን እንቢ አለ።» በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየ። ግመሎች በዝግታ ያቋርጣሉ። «ግቢ ቆማ ዝገት ከሚበላት፣ መንገድ ላይ ስታልፍ ልያት። ጥሩምባዋን ስሰማ አውቃታለሁ።»

ሶሲና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ሀሊሞ ተመልሳ ገባች። «እንዴት ነው፣ ትሄዳለች ወይስ ወርጄ ልግፋት?»

«ትሄዳለች ኤዶ።»

ሶሲና ሞተሩን አስነሳች። ነዳጅ ሰጠች፤ ፍሪሲዮኑን በግራ እግሯ የተኛ ሕፃን እንደማስቀመጥ ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ኮሮላዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች። ሽመክት በረጅሙ ተነፈሰ።

ፍጥነቱ ሲጨምር ሶሲና ፍሪሲዮኑን ረገጠች። እጇን ግን ወደ ማርሹ አልሰደደችም።

«ሁለት!» አለች።

አባቷ አያት።

«ሁለት እኮ አልኩ አባዬ!»

የሽመክት ግራ እጅ መጣ። ማርሹን ወደ ኋላ ሳበው፤ ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላዋ ገባ።

«ሦስት!»

ገፋው። ከዚያ ሳይታወቀው ጀመረ፤ «አይሻ እያለሁ አንድ ቀን፣ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ...»

«ኧረ ቆዩ!» ሀሊሞ በሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቷን አሰገገች። «አንድ መኪና ለሁለት ነው እንዴ የምትነዱት?»

«እንዲህ ነው የለመድነው» አለ ሽመክት።

«ምን ጣጣ ነው! ይቺን እንኳ ልጄ ዐብዲሓኪም ይንዳት። እኔ እንደሆንኩ ቀኝ እግር ይበቃኛል። ቪትዟ ውስጥ ግራ እግሬ ተኝቶ ነው የሚሄደው።»

ሶሲና አባቷ መልሶ እስኪያላግጥ ጠበቀች። አላላገጠም። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ግራ እግሩን እያየ ነበር።

«ኤዶ» አለች ሶሲና፣ «ኮሮላዋን ከወሰድሽ ቪትዟስ?»

«እሷማ ትሸጣለቻ። ሁለት መኪና ምን ያደርግልኛል? ምነው?»

ሶሲና መሪውን ወደ ሜዳው ዳር አዞረች። ነጯ ቪትዝ አፍንጫዋን ወደ እነሱ አድርጋ ቆማለች። ሶሲና «ሁለት!» አለች፤ አባቷ ማርሹን ቀነሰላት። ወደ ቪትዟ ተጠግታ፣ በስተቀኛቸው እንድትሆን አድርጋ ቀስ ብላ ቆመች። የአባቷ በር ከቪትዟ መሪ ጋር ፊት ለፊት ገጠመ።

«እዚህ ምን እናደርጋለን?» አለ ሽመክት።

«ምንም። እያቆምኩ ነው።»

የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከዚያም ሞተሩን አጠፋች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቁልፉ።