ከአሸዋው ጉድጓድ የወጣው ፒፓ

ለመመስገን ብሎ የሚዋሽ ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ሳያውቅ የሌላውንም ሰው ታሪክ ያጠፋል።

«እናንተ አሸዋ ቆፋሪዎች! ገና ውሃ ላይ አልደረሳችሁም?» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ኬንኬ የተባለውን የበቆሎ ምግብ እያላመጠ። በአገሩ ልማድ ማክሰኞ ወደ ባሕር አይወጣምና ጓደኞቹም አጥሩን ተደግፈው ይስቁ ነበር።

«ኑና እዩ!» ሲል ከጉድጓዱ ውስጥ ጮኸ ተማሪው ኤቦ፤ አሮጌ የሸክላ የትምባሆ ማጨሻ ፒፓ ከፍ አድርጎ ያዘ። ሳቁ ቆመ።

አሮጌው የመብራት ማማ ከመታደሱ በፊት፣ የፍሳሽ ቦዩ በሚያልፍበት ቦታ ቅርስ መኖር አለመኖሩ በተማሪዎች እገዛ በትናንሽ ጉድጓዶች እየተፈተሸ ነበር። የኤቦና የክፍል ጓደኛው የኤኩዋ ጉድጓድ እስከዚያ ቀን ከቢጫ አሸዋ በቀር ምንም አልሰጠም ነበር።

የቁፋሮው ኃላፊ ወይዘሮ መንሳ ፒፓውን አይተው ደስ አላቸው። «እንግዲያው ቦዩ በዚህ አያልፍም። ማዶ ወዳለው ዛፍ እናዞረዋለን፤ እዚያ የፈተሽነው ሁሉ ባዶ ነው። ማሽኑ ነገ ይጀምራል» ብለው ወደ ድንኳናቸው ሄዱ።

ኤኩዋ ፒፓውን አገላብጣ አየችው። ውስጡም ውጪውም የምድጃ አመድ በተቀላቀለበት ጥቁር አፈር ተለውሷል፤ የእነሱ ጉድጓድ ግን ንጹሕ ቢጫ አሸዋ ብቻ ነበር።

«አንተ፣ ይኼ አመድ ከየት መጣ?»

«ቀስ በይ እንጂ! ፒፓውን ያገኘሁት ከዛፉ ሥር ነው፤ ሸርጣን አፈር ሲያወጣ አብሮ ወጥቶ ነበር። እነዚያ ሰዎች ሲስቁብን አልሰማሽም?»

ኤኩዋ ደነገጠች። የአያቷ አባት የማማውን መብራት ሲጠብቅ የኖረበት ቤት የት እንደነበረ ከቤተሰቧ የሚያውቅ የለም። አመድ ካለ ምድጃ ነበረ፤ ምድጃ ካለ ቤት ነበረ። ነገ ማሽኑ ሊያርሰው ነው።

«ሄደህ ንገራቸው፣ ኤቦ።»

«ልታዋርጂኝ ነው? አንቺም ጓደኛ ተብለሽ!»

«ጓደኛህ ባልሆን መጀመሪያ ላንተ እናገር ነበር?»

ኤቦ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ኤኩዋ ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ፒፓውን በመሐረቧ ጠቅልላ ብቻዋን ወደ ድንኳኑ አመራች።

ወይዘሮ መንሳም ነገሩን ሰምተው ማሽኑ ሥራ እንዳይጀምር አደረጉ። ከዛፉ ሥር በጥንቃቄ ሲቆፈር በጭስ የጠቆሩ የምድጃ ድንጋዮችና የአንድ ጠባብ ቤት መሠረት ተገኙ። ቦዩም በአሸዋው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ።

ኤቦ ያደረገውን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲናገር ታዘዘ፤ ተናገረም። ከቁፋሮውም ተባረረ።